ሜኒስከስ ከቦታው የሚወጣው ለምንድን ነው? ጉልበታቸው ለተጎዳ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን የላኩት ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። «ዕድሜዬ 31 ነው። ከ16 ወር በፊት ኳስ ስጫወት ግራ እግሬ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቴ ዞረና ጉልበቴ ውስጥ ‹ቷ› የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማታውኑ አበጠ። ወጌሻ ዘንድ ሦስት ጊዜ ታሸሁ፤ በወር ተኩል ገደማ እብጠቱ ጠፋና ወደ ሥራዬም ወደ ኳሱም ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ አራት ጊዜ ከድቶኛል። አሁን የተነሣሁት ኤምአርአይ የፊት መስቀለኛ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ መበጠሱን፣ የውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ክፍል ከሥሩ አጠገብ መቀደዱንና ሜኒስከሱ 4.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ መውጣቱን ይናገራል። ሜኒስከስ ከቦታው የሚወጣው በምን ምክንያት ነው? ያወጣው መታሸቱ ይሆን? ተመልሶ ይገባል ወይስ ተቆርጦ ይውጣ? ጾም ሲገባስ መስገድ እችላለሁ?»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ታሪክዎን በዝርዝር ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ በተለይ ጊዜውንና ጉልበትዎ ስንት ጊዜ እንደከዳዎት ማስታወስዎ ምላሹን ወደ እርስዎ ጉልበት ለማቅረብ ረድቶኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ «ወጣ» በሚለው ቃል ላይ እንግባባ። ሜኒስከስ በጉልበት ውስጥ፣ በጭንና በቅልጥም አጥንት መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠ ልም አጥንት ነው። ትከሻ ወለቀ ሲባል የክንድ አጥንት ራስ ከማቀፊያው መውጣቱ ነው፤ ተስቦም ይመለሳል። በእርስዎ ሪፖርት ላይ የተጻፈው የሜኒስከስ መውጣት ግን ውልቃት አይደለም። ሜኒስከሱ ወደ ጎን ሊሸሽ የቻለው አጥብቆ ይዞት የነበረው ነገር ስለላላ ወይም ስለተበጠሰ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ሚሊ ሜትር ወጣ የሚለው ሳይሆን፣ ይዞት የነበረው ምን ነበር፣ ከእነርሱስ የትኛው ለቀቀ የሚለው ነው።

ይህን ለታካሚዎቼ ሳስረዳ ሁልጊዜ የማነሣው የጀበና ማቶትን ነው። ጀበና ታቹ ክብ በመሆኑ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ብቻውን አይረጋም፤ ማቶት ሲደረግለት ግን ክቡ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ክብደቱም በአንዲት ነጥብ ላይ መሆኑ ቀርቶ በማቶቱ ዙሪያ ይከፋፈላል። የጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ እንደ ጀበናው ክብ ነው፤ የቅልጥም አጥንት የላይኛው ገጽ ደግሞ ጠፍጣፋ ለማለት የሚቀርብ ነው። በሁለቱ መካከል፣ በጉልበቱ ውስጠኛና ውጨኛ ጎን፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፉ ሁለት ሜኒስከሶች አሉ። ጀበናው በከበደ ቁጥር ማቶቱን ወደ ውጭ ሊበረግደው ይታገላል፤ ማቶቱ የማይበረገደው የተሠራበት ሣር ዙሪያውን ሳይቋረጥ ስለተጠመዘዘ ነው። በሜኒስከስም ውስጥ አብዛኛው የኮላጅን ክር ቅስቱን ተከትሎ ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሜኒስከስ እንደ ማቶት ሙሉ ክብ ስላልሆነ ግን ሁለቱ ጫፎቹ፣ ማለትም የፊትና የኋላ ሥሮቹ፣ በቅልጥሙ አጥንት ላይ ተቸክለዋል። ክብደት ሲያርፍበት ሜኒስከሱ ወደ ውጭ ሊሸሽ ይሞክራል፣ ክሮቹ ይወጠራሉ፣ ሥሮቹ ይይዙታል፣ በዚህም ወደ ታች ይጫን የነበረው ኃይል በክሩ ርዝመት ላይ ወደሚሄድ ውጥረት ይለወጣል። ቆመን ሳለን በጉልበት ውስጠኛ ክፍል ከሚያልፈው ጭነት ግማሽ ያህሉን፣ በውጨኛው ክፍል ከሚያልፈው ደግሞ 70 በመቶ ያህሉን ሜኒስከሶቹ የሚሸከሙት በዚህ መንገድ ነው፤ ጉልበት እስከ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ድርሻቸው ወደ 85 በመቶ ይደርሳል።

አሁን ማቶቱን በአንድ በኩል በቢላ ይቁረጡት። ሣሩ አልጠፋም፣ ቁመናውም ከሞላ ጎደል እንዳለ ነው፤ ጀበናው ሲቀመጥበት ግን ይከፈትና ወደ ጎን ይሸሻል፤ ጀበናውም መሬት ይነካል። በእርስዎ ጉልበት ውስጥ የሆነው ይህን ይመስላል።

ስለ 4.5 ሚሊ ሜትሩ ጥቂት ልበል። ልኬቱ የሚወሰደው ጉልበቱ ከፊት ለፊት በሚታይበት የኤምአርአይ ምስል ላይ፣ በመካከል በሚያልፈው ቁራጭ ነው። አንድ መስመር በቅልጥሙ አጥንት ጠርዝ ላይ፣ ሌላ መስመር በሜኒስከሱ ውጨኛ ጠርዝ ላይ ይሰመርና በመካከላቸው ያለው ርቀት ይለካል፤ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ በእርጅና ወይም በመበላት ምክንያት ያደገ ተጨማሪ አጥንት ካለ አይቆጠርም። ጤነኛ ሜኒስከስም ቢሆን በትንሹ ከጠርዙ አልፎ ሊታይ ይችላል፤ ባለሙያዎች በስፋት የሚጠቀሙበት ወሰን 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በውስጠኛው ሜኒስከስ ላይ ከዚህ በላይ የሆነ መውጣት ሲታይ ሥሩ ወይም ክሮቹ ተበጥሰው እንደሆነ በጥንቃቄ ይመረመራል። ምስሉ የተነሣው ደግሞ እርስዎ በጀርባዎ ተኝተው፣ እግርዎ ምንም ሳይሸከም ነው። ቆመው በአልትራሳውንድ የሚለኩ ታካሚዎች ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ይታያል። ስለዚህ 4.5 የሚለውን እንደ መነሻ እንጂ እንደ ፍርድ አይውሰዱት።

ወደ ምክንያቶቹ ስገባ የመጀመሪያውንና ከሁሉ የከበደውን ሥፍራ የምሰጠው ለሥሩ ነው። የኋላ ሥር ከአጥንቱ ከተነቀለ ወይም ከተቸከለበት በ9 ወይም በ10 ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ ከተበጠሰ፣ ክሮቹ በሙሉ ጫፋቸውን የሚይዝላቸው ያጣሉ። በ2008 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት፣ ከሞቱ ሰዎች በተወሰዱ ጉልበቶች ላይ የውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ሥር ሲቆረጥ የአጥንቶቹን ጫፍ በሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ግፊት በ25 በመቶ መጨመሩን፣ ይህም ሜኒስከሱ ጭራሽ ተቆርጦ ሲወጣ ከሚታየው ጋር እኩል መሆኑን፣ ሥሩ ሲጠገን ደግሞ ግፊቱ ወደ ቀድሞው መመለሱን አሳይቷል። ይህን ውጤት ደጋግሜ የማነሣው፣ ሥሩ የተበጠሰ ታካሚ «ሜኒስከሱ አለ፣ ትንሽ ብቻ ነው የተቀደደው» ተብሎ ወደ ቤቱ ሲላክ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ሜኒስከሱ በእርግጥ አለ፤ ሥራውን ግን አይሠራም።

በምስል ላይ ይህ ጉዳት በቀላሉ ይታለፋል። ጉልበቱ ከጎን በሚታይባቸው ቁራጮች ላይ ጤነኛ ሜኒስከስ እንደ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ሥሩ ሲበጠስ በኋለኛው መስቀለኛ ጅማት አቅራቢያ ባለው ቁራጭ ላይ ያ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ድንገት ይጠፋና በቦታው ግራጫ ጥላ ይቀራል፤ በቀጣዩ ቁራጭ ላይ ደግሞ ተመልሶ ይታያል። በአርትሮስኮፒ ጊዜ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተን የጉልበቱን ውስጥ ስናይ፣ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በቀጭኑ መንጠቆ ጫፍ የኋላውን ክፍል ስነካው፣ ጤነኛው ሥር እንደ ተወጠረ ጠፍር ይመልስልኛል፤ የተበጠሰው ግን ያለ አንዳች ተቃውሞ ከአጥንቱ ላይ ብድግ ይላል፤ ከታቹም ራቁቱን የቀረ አጥንት ይታያል።

የቅዱ አቅጣጫም ከሥሩ የማይተናነስ ትርጉም አለው። ክሮቹን አቋርጦ፣ ከውስጠኛው ቀጭን ጠርዝ ወደ ውጨኛው ወፍራም ጠርዝ የሚሄድ ተሻጋሪ ቅድ፣ ጥልቀቱ እየጨመረ በሄደ ቁጥር ብዙ ክር ይቆርጣል፤ ውጨኛው ጠርዝ ድረስ ከዘለቀ ሜኒስከሱ ሁለት የተለያዩ ቁራጮች ሆነ ማለት ነው፤ ውጤቱም ከሥር መበጠስ አይለይም። የክሮቹን መንገድ ተከትሎ የሚሄድ ቁመታዊ ቅድ ግን ክሮቹን ይለያያቸዋል እንጂ አይቆርጣቸውም፤ ስለዚህ ረጅም ቢሆንም እንኳ ሜኒስከሱን ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አያስወጣውም። በብዙ አቅጣጫ የተቀደደና የነተበ ሜኒስከስ ደግሞ ከተሻጋሪው ጋር የሚመደብ ነው። በእርስዎ ሪፖርት ላይ ቅዱ ከሥሩ አጠገብ መሆኑ እንጂ አቅጣጫው በግልጽ አልተጻፈም፤ ምስሉን የሚያይልዎትን ሐኪም በመጀመሪያ እንዲጠይቁት የምፈልገው ይህንን ነው።

እዚህ ላይ ከወጌሻው ጋር የተያያዘ አንድ መደናገር ላጥራ። ቁመታዊ ቅድ እየረዘመ ሲሄድ የተለየው የውስጠኛው ክፍል እንደ ባልዲ እጀታ ተነሥቶ ወደ ጉልበቱ መሐል ይገለበጣል። ያኔ ጉልበት ይቆለፋል፤ ሰውየው እግሩን መዘርጋት ያቅተዋል። ይህም ሜኒስከስ ከቦታው መውጣት ይባላል፤ አቅጣጫው ግን ወደ ውስጥ ነው፤ የእርስዎ ወደ ውጭ ነው። የተገለበጠው እጀታ እግሩ ታጥፎ ሲዞር አልፎ አልፎ በራሱ ወይም በሰው እጅ ተመልሶ ይገባል፤ በሽተኛው ወዲያው እግሩን ይዘረጋል፣ ያየም ሁሉ ይደነቃል። «ወጌሻው መለሰልኝ» ከሚሉ ታሪኮች አንዳንዶቹ እውነት የሚሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ቅዱ ግን ባለበት አለ፤ ሌላ ቀን እንደገና ይገለበጣል።

የእርስዎን ሜኒስከስ መታሸቱ አላስወጣውም ብዬ አምናለሁ። የኋላው ሥር ያለው በጉልበቱ ጥልቅ ክፍል፣ ከኋለኛው መስቀለኛ ጅማት መነሻ አጠገብ ነው፤ ከቆዳ ላይ የሚጫን ጣት አይደርስበትም፤ ሲራመዱ የገዛ ሰውነትዎ ክብደት በጉልበትዎ ላይ የሚያሳርፈው ኃይልም ከጣት ኃይል ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሆኖም በደም የተሞላና ያበጠ ጉልበትን አጥብቆ ማሸት ሕመምንና እብጠትን ያባብሳል እንጂ አይጠቅምም። ከሁሉ የበለጠው ጉዳት ግን ሌላ ነው፦ እብጠቱ በጊዜው ስለሚጠፋ «ዳንኩ» የሚል እምነት ያሳድራል። ጉልበት ሲጠማዘዝ ድምፅ ከተሰማና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካበጠ ውስጡ ደም ፈሷል ማለት ነው፤ በዚህ ዓይነት ጉልበት ደግሞ የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

ሁለተኛው ትልቅ ምክንያት ይኸው ጅማትና ከዚያ በኋላ ያለፈው ጊዜ ነው። የፊት መስቀለኛ ጅማት ቅልጥም ከጭኑ ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። እርሱ ሲበጠስ ሥራው በውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ክፍል ላይ ይወድቃል፤ ያ ወፍራም ክፍል ቁልቁል በቆመ መኪና ጎማ ሥር እንደሚደረግ ታኮ ሆኖ ያገለግላል። ለዚህ ግን አልተፈጠረም። ውጨኛው ሜኒስከስ ጉልበት ሲታጠፍ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይጓዛል፤ ውስጠኛው ከመገጣጠሚያው ከረጢትና ከጎን ጅማቱ ጋር በጥብቅ ስለተያያዘ የሚጓዘው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መሸሽ የማይችል ታኮ ጎማው በተንሸራተተ ቁጥር ይጨፈለቃል። ጉልበትዎ አራት ጊዜ ከዳኝ ብለዋል፤ እያንዳንዱ መክዳት ጎማው በታኮው ላይ የተንከባለለበት ቅጽበት ነው። በአዲስ ጉዳት ጊዜ በብዛት የሚቀደደው ውጨኛው ሜኒስከስ ሆኖ ሳለ፣ ጅማቱ ሳይጠገን ወራት ባለፉ ቁጥር የውስጠኛው መቀደድና የልባሱ መጎዳት እየጨመረ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። የእርስዎ ሜኒስከስ በአደጋው ቀን ትንሽ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ አሁን ወዳለበት ደረጃ ያደረሱት ግን በአብዛኛው ኋላ የመጡት ወራት ይመስሉኛል።

በነገራችን ላይ የውጨኛው ሜኒስከስ የኋላ ሥር ሲበጠስ መውጣቱ ሁልጊዜ አይታይም፤ ከኋላው ክፍል ወደ ጭኑ አጥንት የሚሄዱ ተጨማሪ ጅማቶች ስላሉት ሥሩ ለቅቆ እንኳ እነርሱ ይዘው ያቆዩታል። ስለዚህ በውጨኛው በኩል አለመውጣቱን አይቶ ሥሩ ደህና ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የሁለቱ ጎኖች ሕግ አንድ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ለረጅም ጊዜ ትኩረት ያላገኘ ነው። ሜኒስከሱ በዙሪያው ከቅልጥሙ ጠርዝ ጋር የሚያያዝባቸው አጫጭር ጅማቶች አሉት፤ የድንኳንን ጠርዝ ከካስማ ጋር እንደሚያስሩ ገመዶች ናቸው። እነዚህ ሲላሉ ወይም ሲበጠሱ ሥሩ ሳይነካ ሜኒስከሱ ወደ ውጭ ማዘንበል ይጀምራል። በተለያየ ጊዜ ደጋግመው ኤምአርአይ በተነሡ አንዳንድ ታካሚዎች ላይ መውጣቱ ከሥሩ መበጠስ ቀድሞ ታይቷል፤ መውጣት የሥር መበጠስ ውጤት ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ ዋዜማው ነው ማለት ነው። በእርስዎ ዕድሜ የቅደም ተከተሉ ነገር ብዙም ለውጥ አያመጣም፤ በእናቶች ላይ ግን ያመጣል።

እናቶችን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት የሥር መበጠስ ታካሚዎች መካከል ኳስ ነክተው የማያውቁ፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሴቶች አሉ። አንዲት እናት ከበርጩማ ሲነሡ ከጉልበታቸው ኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰምተው፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደረጃ መውረድ እንዳቃታቸው ነግረውኛል። ሪህ ነው ተብለው ለወራት መድኃኒት ሲወስዱ ቆይተዋል። በዚህ ዕድሜ ሥሩ አስቀድሞ ነትቦ ስለሚቆይ አንድ አጎንብሶ መነሣት ይበጥሰዋል፤ ቁጢጥ ብሎና መሬት ላይ ተቀምጦ መሥራት በተለመደባቸው እንደ ኮሪያና ጃፓን ባሉ አገሮችም ይኸው ጉዳት በዚሁ ዕድሜ ባሉ ሴቶች ላይ በብዛት ተጠንቷል። እናትዎ ወይም አክስትዎ ተመሳሳይ ነገር ቢነግሩዎ «እርጅና ነው» ብለው እንዳያልፉት እለምንዎታለሁ።

የቀሩትን ምክንያቶች በአጭሩ ላንሣ። የእግር አቋም ይቆጠራል፤ ጉልበቱ ወደ ውጭ የጎበጠ ሰው አብዛኛው ክብደቱ በውስጠኛው ክፍል ስለሚያልፍ ውስጠኛው ሜኒስከስ ዘወትር ወደ ውጭ ይጨመቃል። የሰውነት ውፍረት ይቆጠራል፤ ስንራመድ በጉልበት የሚያልፈው ኃይል የሰውነት ክብደትን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ስለሚሆን እያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ተባዝቶ ይደርሳል። ዕድሜም ይቆጠራል። የልባሱ መበላት ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ሜኒስከሱ ሲወጣ ልባሱ ይበላል፣ ልባሱ ሲበላና በአጥንቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብብ ሜኒስከሱ ይበልጥ ይገፋል። የጉልበት መበላት ባለባቸው ወይም በሚያሰጋቸው ብዙ ሰዎች ላይ በተደረጉ የኤምአርአይ ጥናቶች ከውስጠኛው ሜኒስከስ መውጣት ጋር ተያይዘው የተገኙት በዋናነት የሜኒስከሱ መቀደድ፣ የልባሱ መጎዳትና የጉልበቱ ወደ ውጭ መጉበጥ ናቸው። ተያይዞ መገኘት ግን መንስኤ መሆን አይደለም፤ ከእነዚህ መካከል የትኛው ቀድሞ እንደመጣ አንድ ጊዜ በተነሣ ምስል አይታወቅም።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። ሜኒስከስዎ የወጣው፣ እስከገባኝ ድረስ፣ ከሥሩ አጠገብ ያሉት ክሮች ስለተቆረጡና ጅማት በሌለው ጉልበት ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ስለተሮጠበት ነው። ሪፖርቱ ስለ ልባሱ መጎዳት ምንም አለመጥቀሱ፣ ምስሉን የሚያየው ሐኪም ካረጋገጠው፣ መልካም ዜና ነው፤ ጉልበትዎ ሊጠገን የሚችል ነው ማለት ነው።

ተቆርጦ ይውጣ ወይ ላሉት፣ በእርስዎ ሁኔታ ያ የመጀመሪያው አማራጭ ሊሆን አይገባም። ሜኒስከስ ጥቅም የሌለው የጡንቻ ቅሪት ነው ተብሎ የተጻፈበት ዘመን ነበር፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም ሐኪሞች በቀላሉ ያወጡት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ፌርባንክ በ1948 ሜኒስከሳቸው በወጣላቸው ሰዎች ራጅ ላይ የአጥንቱ ጠርዝ ማደጉን፣ የመገጣጠሚያው ክፍተት መጥበቡንና የጭኑ አጥንት ክብነት መደፍጠጡን ካሳየ በኋላም እንኳ ልማዱ ቶሎ አልተለወጠም። ዛሬ ከሥሩ ለተበጠሰ ሜኒስከስ በአርትሮስኮፒ ክር ተሰፍቶ፣ በቅልጥሙ አጥንት ውስጥ በተበሳ ቀዳዳ ወደ ታች ተስቦ በአጥንቱ ላይ ይታሰራል። የሜኒስከስ የደም ሥር የሚገኘው በውጨኛው ጠርዝ ብቻ ነው፤ በውስጠኛው ሜኒስከስ ከስፋቱ ከ10 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ነው ደም የሚያገኘው። ሥሩ ከአጥንቱ ጋር ሲገናኝ ግን ከተበሳው አጥንት የሚወጣው ደም ለመዳን ያግዘዋል። የመስቀለኛው ጅማት ጥገና በዚያው ቀዶ ሕክምና አብሮ መሠራት አለበት፤ ታኮውን ጠግኖ መኪናውን ያለ ፍሬን መተው ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ጉልበትዎ ወደ ውጭ የጎበጠ ከሆነ ደግሞ ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው እግርዎ በሙሉ የሚታይበት፣ ቆመው የሚነሡት ራጅ ያስፈልጋል፤ ጉብጠቱ ብዙ ከሆነ አጥንቱን ማቅናት ከጥገናው ይቀድማል ወይም አብሮ ይሠራል።

ተመልሶ ይገባል ወይ ለሚለው እውነቱን ልንገርዎት። ሥሩ ከተጠገነ በኋላ በሚነሣ ኤምአርአይ ላይ ብዙ ጊዜ ሜኒስከሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ጠርዙ ተመልሶ አይገኝም፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወጥቶ ይቀራል። ያም ሆኖ ሕመሙ ይቀንሳል፣ የልባሱም መበላት ምንም ካልተደረገለት ወይም ከተቆረጠ ጉልበት ይልቅ ይዘገያል። የወጣውን ጠርዝ ወደ አጥንቱ ጎትቶ የሚያስር፣ በተለይ በጃፓን ሐኪሞች የተስፋፋ ተጨማሪ ዘዴም አለ፤ በየቦታው የሚሠራ ባለመሆኑ ግን እርሱን ፍለጋ ዋናውን ጥገና እንዳያዘገዩ።

ከጥገናው በኋላ ያለው ጊዜ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለስድስት ሳምንት ያህል በክራንች ይራመዳሉ፣ እግርዎ ላይ ክብደት አያሳርፉም፣ ጉልበትዎንም ከ90 ዲግሪ በላይ አያጥፉም። ቁጢጥ ማለት ቢያንስ ለአራት ወር ክልክል ነው። ክራንቹን በሦስተኛው ሳምንት የጣለ ሰው ገና ያልያዘውን ሥር በገዛ ክብደቱ ይነቅለዋል፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምናገረው። ሥራዎ ቆመው የሚሠሩት ከሆነ ፈቃዱን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጨርሱ፤ ደረጃ የሌለበት ማደሪያም ያመቻቹ።

እስከዚያው ድረስ ኳሱን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ መሮጥንና ድንገት መዞርንም እንዲሁ። የጭን ጡንቻዎን ግን አያሳርፉት። በጀርባዎ ተኝተው እግርዎን ቀጥ አድርገው ማንሣት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መሪነት የሚሠሩት እንቅስቃሴ፣ መቀመጫው ከፍ ባለ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ መንዳት ይጠቅምዎታል። ጉልበትዎ ድንገት ተቆልፎ መዘርጋት ካቃተው ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ማንም እንዲጎትተውም አይፍቀዱ፤ በዚያው ሳምንት በአጥንት ሐኪም መታየት ይኖርበታል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ የተጻፈውን ሪፖርት ብቻ ሳይሆን ምስሎቹ ያሉበትን ሲዲ ይዘው ይሂዱ፤ ስለ ሥሩና ስለ ቅዱ አቅጣጫ መልስ የሚሰጠው ምስሉ ነው።

ስለ ስግደቱ ላነሡት ጥያቄ፦ ግንባር መሬት የሚነካበት ሰጊድም ሆነ በጉልበት የሚንበረከኩበት አስተብርኮ ጉልበትን አጥብቀው አጥፈው በኋላው ሥር ላይ ከባድ ጭነት ያሳርፋሉ፤ ደጋግሞ መነሣትና መውደቁ ደግሞ ከአንዱ ይልቅ ይጎዳል። ስለዚህ ጥገናው እስኪሠራና ሐኪምዎ እስኪፈቅድልዎ ድረስ ሁለቱንም ይተዉአቸው። ራስን ዝቅ በማድረግ የሚፈጸመው አድንኖ ጉልበትን ስለማያሳጥፍ ምንም አይከለክልዎትም፤ የንስሐ አባትዎንም ሁኔታውን ነግረው ከጾሙ መግቢያ በፊት ያማክሯቸው።